አዲስ ሌንስ ለምን ይጠብቃል?

(በሬዲዮ ከተነገረው)



በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በብዙ ቤትና በብዙ መሥሪያ ቤት ገንዘብንና ንብረትን፣ ከሁሉም ይልቅ ዳግመኛ የማይገኝ መታሰቢያን የሚያጠፋ ነው። ይኸውም በእጅ የሚሠራ አዲስ የካሜራ ሌንስ በተገዛ ጊዜ ምስሉን የሚያጠራው ቀለበት ጠብቆ አልዞርም የሚልበት ሁኔታ ነው። ፎቶግራፍ አንሺዎች ይህን ምስል የማጥራት ሥራ ፎከስ ማድረግ ይሉታል፤ እኛም በዚሁ በታወቀው ስም እንጠራዋለን። የአዲስ ሌንስ ጥብቀት ከምን የተነሣ ነው? ጉድለት ነው ወይስ ጠባይ? ጉድለትስ እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? ባለቤቱ ምን ማድረግ ይገባዋል፤ ከምንስ መጠንቀቅ አለበት? ይህን ሁሉ በተቻለ መጠን በቀላል አነጋገር ለማስረዳት እንሞክራለን።

ይህን ርእስ እንድመርጥ ያደረገኝ በቅርብ የማውቀው አንድ ታሪክ ስለ ሆነ አስቀድሜ እርሱን ልንገራችሁ። ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ በውጭ አገር የምትኖር እኅቱ በእጅ ብቻ የሚሠራ ባለ 85 ሚሊሜትር አዲስ ሌንስ ላከችለት። ሌንሱ በመንገደኛ እጅ የደረሰው በጥር ወር፣ የታናሽ እኅቱ ሠርግ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። በሠርጉ ዕለት ከጧቱ በአንድ ሰዓት፣ ላፍቶ በሚገኘው የወላጆቹ ግቢ፣ ሙሽራዪቱ የአያቷን ጉልበት ስማ ስትመረቅ ባልደረባዬ ካሜራውን አነጣጠረ። ቀለበቱ ግን ጠበቀበት። በጣቱ ጫፍ ሲገፋው አይንቀሳቀስም፤ ኀይል ሲጨምርበት ደግሞ ድንገት ተፈናጥሮ ከሚፈለገው ቦታ ያልፋል። እርሱ ሲታገል ምርቃቱ አለቀ። በኋላ ምስሉ ሲታይ ጥርት ብሎ የወጣው ከአያታቸው በስተኋላ የተሰቀለው የመስኮት መጋረጃ ነበር፤ የአያታቸው ፊትና ለምርቃት የተዘረጋው እጃቸው በጉም ውስጥ እንዳለ ነገር ደብዝዞ ቀረ። አያታቸውም በዚያው ዓመት ክረምት ዐረፉ። በሌንሱ ላይ ከዚያ በኋላ የደረሰውን በስፍራው እመለስበታለሁ፤ አሁን ግን ወደ ምክንያቱ እንሂድ።

ሌንስ ማለት ተሞርደውና ተወልውለው በአንድ ቀፎ ውስጥ የተደረደሩ ብርጭቆዎች ናቸው። ሥራቸውም ከውጭ የሚገባውን ብርሃን አጥፈው በፊልሙ ላይ፣ በዛሬው ካሜራም በሴንሰሩ ላይ መሰብሰብ ነው። የሚነሣው ነገር ሩቅ ሲሆን ብርጭቆዎቹ ወደ ካሜራው መጠጋት፣ ቅርብ ሲሆን ደግሞ ከካሜራው መራቅ አለባቸው። ይህን ማቅረብና ማራቅ የሚያከናውነው በቀፎው ውስጥ የተቆረጠ ጥርስ ነው፤ በብሎንና በዳዶ ላይ እንደምናየው ያለ ጥርስ ማለት ነው። ቀለበቱን በጣታችን ስናዞር ጥርሱ በጥርስ ላይ እየተንሸራተተ ብርጭቆዎቹን ይዞ ወደ ፊት ይወጣል፤ መልሰን ስናዞረው ደግሞ ወደ ኋላ ይገባል።

የዚህ ጉዞ ርዝመት ምን ያህል አጭር እንደ ሆነ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ በሩቅ ከሚታይ ተራራ ተነሥቶ በ1 ሜትር ርቀት ላይ ወዳለ ሰው ሲመጣ ብርጭቆዎቹ ወደ ፊት የሚሄዱት 2.6 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ከተራራው እስከ 5 ሜትር ለመምጣት ደግሞ ግማሽ ሚሊሜትር ይበቃቸዋል። ባለ 85 ሚሊሜትር ሌንስ ግን ከሩቁ ወደዚያው 1 ሜትር ለመምጣት 8 ሚሊሜትር ያህል መጓዝ አለበት። ጥራቱ የሚገኝበትም ስፍራ እንዲሁ ጠባብ ነው። የሌንሱ የብርሃን መግቢያ እስከ ቁጥር 1.4 ተከፍቶ፣ ባለ 85 ሚሊሜትር ሌንስ በ2 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ሰው ሲያነሣ፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ከፊት እስከ ኋላ ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር የሚሆን ስፍራ ብቻ ነው። ይህም ከሰው ዓይን እስከ ጆሮው እንኳ አይደርስም። እንግዲህ የባልደረባዬ ሌንስ ከአያቲቱ አልፎ በመጋረጃው ላይ ቢያርፍ የሚያስደንቅ አይደለም።

ሥራው እንዲህ ረቂቅ ከሆነ ዘንድ ቀለበቱ ሁለት ነገር እንዲያሟላ ይፈለጋል። አንደኛ፣ በጣት ሲገፋ ሳይዘል በእኩል ፍጥነት መሄድ አለበት። ሁለተኛ፣ ጣት ሲለቀው በቆመበት መቅረት አለበት። ጥርሶቹ ደረቅ ቢሆኑ ብረት ብረትን ይበላዋል፤ ቀጭን ዘይት ብቻ ቢቀቡ ደግሞ ካሜራው ወደ ታች ሲዘቀዘቅ የብርጭቆዎቹ ክብደት ቀለበቱን እየጎተተ ፎከሱን ያበላሸዋል። ስለዚህ ሌንስ ሠሪዎች በጥርሶቹ መካከል የሚያደርጉት ወፍራምና የሚለጠጥ ልዩ ግራሶ ነው። ይህ ግራሶ ማለስለስ ብቻ ሳይሆን መያዝም ሥራው ነው። እኛ ጥብቀት ብለን የምናማርረው ነገር ከፍ ያለው ክፍል ሠሪው አስቦ ያስገባው ነው።

ይህን ለመረዳት የቆየውን ሬዲዮ ማስታወስ ይጠቅማል። በዚያ ሬዲዮ ላይ ጣቢያ የሚፈለግበት መዘውሪያ በጣት ሲዞር ከበድ ይል ነበር፤ ክብደቱም ለአድማጩ ጥቅም እንጂ ለችግሩ አልነበረም። መዘውሪያው ልል ቢሆን ኖሮ በጣት ጫፍ ነካ ሲደረግ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ይዘል፣ የተገኘውም ድምፅ ወዲያው ይጠፋ ነበር። ይህ ምሳሌ ለደቡብ አዲስ አበባ ነዋሪ ባዕድ አይደለም። ዛሬ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የምንለው አካባቢ የስሙን የመጀመሪያ ክፍል ያገኘው ከዚሁ ከሬዲዮ ነው። የአገራችን የመጀመሪያው የሬዲዮ ጣቢያ በአቃቂ በኩል ተተክሎ በ1927 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ያለ ሽቦ በነፋስ ውስጥ የሚሄደውን መልእክት ሕዝቡ የነፋስ ስልክ አለው፤ ስሙም በሠፈሩ ላይ ቀረ። ድምፅን ከነፋስ ውስጥ መርጦ የሚይዝ መዘውሪያና ምስልን ከርቀት መርጦ የሚያጠራ ቀለበት ሁለቱም በአንድ ምክንያት ከበድ ይላሉ፤ ያገኙትን እንዳይለቁ ነው።

በእጅ ፎከስ ማድረግ ለአገራችን የፎቶግራፍ ሥራ አዲስ ነገር አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ያነሷቸው ምስሎች ሁሉ በእጅና በዓይን የጠሩ ናቸው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ይሠሩ የነበሩት ሽመልስ ደስታም ዘመኑን የመዘገቡት በዚሁ ዓይነት መሣሪያ ነው። በሌንስ ፈንታ የሰውን ጣት ሥራ ራሱ የሚሠራ ካሜራ በገበያ ላይ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1985 ሚኖልታ 7000 የተባለው ካሜራ ከወጣ ወዲህ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የነበረው የአገራችን የፎቶግራፍ ታሪክ በሙሉ ሊባል በሚችል መጠን ቀለበትን በማዞር የተገኘ ነው።

ታዲያ ሞተር ያለው ሌንስ ከተገኘ በኋላ ሰው ለምን ወደ ቀለበት ተመለሰ? ምክንያቱ ዋጋና ጥራት ነው። በዛሬዎቹ መስተዋት አልባ ካሜራዎች ላይ በማገናኛ ቀለበት አማካይነት የጥንቱንም የአዲሱንም ሌንስ መግጠም ይቻላል። በሶቪየት ኅብረት ዘመን ከዜኒት ካሜራ ጋር ይወጣ የነበረው ባለ 58 ሚሊሜትር ሄሊዮስ 44 እንኳ በአዲስ ካሜራ ላይ ሲሠራ ይታያል። ከዚህም ጋር በጃፓን ኮሲና በቮይትላንደር ስም፣ በኮሪያ ሳምያንግ፣ በቻይናም ሰቨን አርቲዛንስን የመሳሰሉ ድርጅቶች በእጅ የሚዞሩ አዳዲስ ሌንሶችን ይሠራሉ። ሞተርና ኤሌክትሮኒክ ክፍል ስለሌላቸው ብዙዎቹ በተመሳሳይ ብርሃን ከሚቀበሉት ባለ ሞተር ሌንሶች ይረክሳሉ። ለፊልም ሥራም ምቹ ናቸው፤ ቀለበቱ በሁለቱም ጫፍ መቆሚያ ስላለው ባለሙያው እጁ የት እንደ ደረሰ ያውቃልና።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ይፈጠራል። የባለ ሞተር ሌንስ ቀለበት በአብዛኛው ብርጭቆውን በቀጥታ አይገፋም፤ ለሞተሩ ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል፤ ስለዚህ እንደ ላባ የቀለለ ነው። በዚህ ቅለት የለመደ እጅ እውነተኛውን ጥርስና ግራሶ ሲያገኝ ሌንሱ የተበላሸ ይመስለዋል። እንግዲህ ጥብቀቱን ከመክሰስ በፊት ምንጩን መለየት ያስፈልጋል። ምንጮቹም አምስት ናቸው ሊባል ይቻላል።

የመጀመሪያው ግራሶው ራሱ ነው። አዲስ ሌንስ ከተሠራ በኋላ በመጋዘንና በመንገድ ብዙ ወራት ሳይዞር ይቆያል። ግራሶው በጥርሶቹ መካከል በአንድ ቦታ ይረጋል፤ በጥርሶቹ ላይ በእኩልነት እስኪዳረስም ድረስ ቀለበቱን ያከብደዋል።

ሁለተኛው የጥርሶቹ አዲስነት ነው። በብዙ ሌንሶች አንደኛው ጥርስ ከናስ፣ ሁለተኛው ከአሉሚኒየም ይቆረጣል፤ አሉሚኒየም በአሉሚኒየም ላይ ሲሄድ የመንከስ ጠባይ ስላለው ነው። በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሌንሱ እንዳይወዛወዝ እጅግ የጠበበ ነው፤ በመሆኑም መጀመሪያ ላይ ይከብዳል።

ሦስተኛው ብርድ ነው። ማንኛውም ግራሶ ሲበርደው ይወፍራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። በመኪና ውስጥ ወይም በቀዝቃዛ ክፍል ያደረ ሌንስ በማለዳ ሲጠብቅ በቀትር የሚላላ ከሆነ ጥፋተኛው ግራሶውና ብርዱ ናቸው እንጂ ሌንሱ አይደለም። የባልደረባዬም ሌንስ በዚያ ማለዳ ያጋጠመው ይኸው ነበር።

አራተኛው የጥርሱ አካሄድና የብርጭቆው ክብደት ነው። እንጦጦን ቀጥ ባለው አቀበት የሚወጣ ሰው ቶሎ ይደርሳል፤ ግን ይደክማል፤ በጠመዝማዛው መንገድ የሚሄድ ደግሞ ይዘገያል፤ ግን አይደክምም። ሌንስም እንደዚሁ ነው። ከቅርብ እስከ ሩቅ ያለውን ጉዞ በሩብ ዙር የሚጨርስ ቀለበት ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ይከብዳል። ያንኑ ጉዞ በግማሽ ዙር የሚጨርሰው ይቀላል፤ ፎከስን በጥንቃቄ ለማድረስም ይመቻል። ብርሃን በብዛት የሚቀበሉ ትላልቅ ሌንሶች ከባድ ብርጭቆ ስለሚገፉ ክብደቱ ይጨምራል።

አምስተኛው የእኛው አያያዝ ነው። ብዙ ሰው ቀለበቱን ሲጠብቅበት እንደ ጠርሙስ ክዳን ጨብጦ ያንቀዋል። በዚህ ጊዜ ቀለበቱ በቀፎው ላይ ስለሚጫን ይብሱን ይጠብቃል። ትክክለኛው አያያዝ የሌንሱ ክብደት በግራ መዳፍ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ፣ ቀለበቱንም በአውራ ጣትና በሁለት ጣቶች ያለ ጭነት ማዞር ነው።

እስከ አሁን የዘረዘርነው ሁሉ ጠባይ ነው። በሽታው ግን በሌላ ምልክት ይታወቃል። ዋናው መለያ ይህ ነው፤ ቀለበቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ዓይነት ክብደት የሚሄድ ከሆነ ጤናማ ነው፤ በአንድ ስፍራ ቀሎ በሌላ ስፍራ የሚይዝ ከሆነ ግን ጉድለት አለበት። እንደዚሁም ሲዞር አሸዋ እንደ ገባበት ነገር የሚያንኳኳ ወይም የሚፋቅ ድምፅ ካለው፣ ቀለበቱ ትንሽ ዞሮ ምስሉ ካልተለወጠ፣ በሁለቱ አቅጣጫዎች ክብደቱ እጅግ ከተለያየ፣ ወይም የሩቁ ምልክት ላይ ሳይደርስ ከቆመ ሌንሱ ሲገጣጠም የተሳሳተ ወይም በመንገድ የተመታ ሊሆን ይችላል።

ይህን ለመመርመር ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ሌንሱ ሙቀት ባለው ክፍል አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። ከዚያም ከካሜራው ሳይገጠም፣ ክዳኖቹ እንደ ተከደኑ፣ ቀለበቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዝግታ ማዞርና በጣት ማዳመጥ ነው። ቀጥሎ በካሜራው ላይ ገጥሞ መድገም ያስፈልጋል፤ ለብቻው ቀሎ ሲገጠም የሚጠብቅ ከሆነ ችግሩ ከማገናኛው ቀለበት ሊሆን ይችላል። በመጨረሻም ሩቅ ነገር መመልከት ነው። ለምሳሌ በለቡ ወይም በጀሞ የሚኖር ሰው የፉሪን ተራራ በካሜራው ማያ አጉልቶ ይመልከት። የተራራው ጠርዝ ጥርት ብሎ መታየት አለበት። ከዚያ በኋላ ቀለበቱ ጥቂት አልፎ ቢዞር ጉድለት አይደለም፤ ብዙ ሌንሶች ለሙቀትና ለቅዝቃዜ ለውጥ ሲባል እንዲህ ይሠራሉ። ተራራው ከነጭራሹ ካልጠራ ግን ሌንሱ ወይም ማገናኛው ትክክል አይደለም ማለት ነው።

ይህ ምርመራ ሳይዘገይ መደረግ አለበት። በእኛ ከተማ ብዙው ሌንስ በዘመድና በመንገደኛ እጅ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ ሻጩ ዕቃውን መልሶ የሚቀበልበት ጊዜ ገዥው ሣጥኑን ሳይከፍት ሊያልቅ ይችላል። በመሥሪያ ቤትም ነገሩ ያው ነው። ለሕዝብ ግንኙነት ክፍል የተገዛ ሌንስ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ መደርደሪያ ላይ ከመቀመጡ አስቀድሞ፣ የሚሠራበት ሰው በንብረት ክፍሉ ፊት ቀለበቱን አዙሮ ቢመለከተው፣ በኋላ «ስረከበውም እንዲሁ ነበር» የሚል ክርክር አይነሣም።

ሌንሱ ጤናማ ሆኖ ከተገኘ ቀሪው ሥራ ትዕግሥት ነው። ጧትና ማታ ለጥቂት ቀናት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሃያ ወይም ሠላሳ ጊዜ ያህል በዝግታ ማዞር ግራሶውን ያዳርሰዋል፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን በኀይል መምታት አይገባም። በዚህ ብዙው ይለሰልሳል። ሳይለሰልስ የሚቀርም አለ፤ እርሱም ሠሪው እንዲያ እንዲሆን የፈለገው ነው። ለእንዲህ ያለው ትንሽ እጀታ ያለው የጎማ ቀለበት ተገዝቶ ቢታሰርበት ለጣት ጉልበት ይሰጣል። በብርድ ማለዳ ከመሥራት በፊት ሌንሱን ለግማሽ ሰዓት ያህል በካፖርት ወይም በጋቢ ውስጥ ይዞ ማሞቅ ይበቃል። በምድጃ አጠገብ ወይም በፀሐይ በጋለ መኪና ውስጥ ማስቀመጥ ግን ክልክል ነው፤ ትኩሳት ዘይቱን ከግራሶው ይለየዋልና።

ሌላው ብልሃት ቀለበቱን አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። የፊልሙ ወይም የሴንሰሩ መጠን 24 በ36 ሚሊሜትር በሆነ ካሜራ ላይ፣ ባለ 35 ሚሊሜትር ሌንስ የብርሃን መግቢያው ቁጥር 8 ላይ፣ ቀለበቱም 5 ሜትር ላይ ቢደረግ ከ2.5 ሜትር ጀምሮ እስከ ሩቅ ያለው ሁሉ በሚበቃ መጠን ይጠራል። ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ በዚያው ቁጥር 8 ላይ ሆኖ ቀለበቱ 3 ሜትር ላይ ቢቆም ከ2.3 እስከ 4.2 ሜትር ያለውን ይይዛል። ስብሰባና ምረቃ የሚያነሣ የመሥሪያ ቤት ፎቶግራፍ አንሺ በዚህ መንገድ ቀለበቱን ሳይነካ ብዙ ሥራ ሊሠራ ይችላል። ብርሃን አንሶ መግቢያው በሰፊው መከፈት ካለበት ደግሞ፣ ሰውየው የሚቀመጥበትን ወንበር አስቀድሞ አይቶ ፎከሱን በወንበሩ ላይ ማድረስ፣ በሰዓቱም ቀለበቱን ትቶ ራስን ጥቂት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ በማዘንበል ማስተካከል ይቻላል። ባልደረባዬ የአያቱን ወንበር ከምርቃቱ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ በረንዳው ላይ አይቶት ነበር።

አሁን ወደ እርሱ ሌንስ እንመለስ። ከሠርጉ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ንዴቱ ገና ሳይበርድለት፣ የስፌት መኪና ዘይት በመርፌ ቀድቶ በቀለበቱ ጠርዝ አንጠባጠበበት። በመጀመሪያው ቀን ቀለበቱ ቅቤ የተቀባ ያህል ቀለለ፤ እርሱም ደስ አለው። ነገር ግን ቀጭን ዘይት በአንድ ስፍራ አይቀመጥም። በጥርሶቹ መካከል የነበረውን ግራሶ እያሟሟ ወደ ውስጥ ሰረገ። ብርሃን የሚያሰፉትና የሚያጠቡት ወረቀት የሚያህሉ ስስ የብረት ቅጠሎች በዘይት ተጣበቁ፤ በውስጠኛው ብርጭቆ ላይም ስስ ጉም ተቀመጠ። የብርሃን መግቢያው አልዞር ሲለው እንደ ልማዱ ኀይል ጨመረ፤ በዚህ ጊዜ አንዱ ቅጠል ታጥፎ ከስፍራው ወጣ። ቀለበቱ ደግሞ ከመጠን በላይ ልል ሆኖ ካሜራው ሲዘቀዘቅ ብቻውን መሄድ ጀመረ።

ሌንሱን ካሜራና ሰዓት ወደሚያድሱ አንድ አረጋዊ ባለሙያ ስንወስደው አብሬው ነበርሁ። ሽማግሌው ቀለበቱን በሁለት ጣታቸው አዙረው፣ በብርሃን አንጻር አይተው፣ «ልጄ፤ ይህ ሌንስ ሲመጣ ጤነኛ ነበር፤ የገደለው መድኃኒቱ ነው» አሉት። ዘይቱን ማጽዳት ቢቻልም የተሰበረው ቅጠል ምትክ እንደማይገኝለት፣ ጥርሶቹም ያለ ምልክት ከተፈቱ ሲገጠሙ የቀድሞ ቦታቸውን እንደሚስቱ፣ ያን ጊዜም ሌንሱ ሩቁን ማጥራት እንደሚያቅተው አስረዱት። ሻጩ ዕቃ መልሶ የሚቀበልበት ጊዜ አልፏል፤ ዘይት የገባበትን ሌንስ ደግሞ ዋስትናው አይሸፍነውም። እኅቱ ከደመወዟ ቆጥባ የላከችው ስጦታ ዛሬ በመሳቢያ ውስጥ ይገኛል።

ከዚህ የምንማረው በካቻቢቴና በዘይት ከመፍጠን መቆጠብን ነው። የበር ማጠፊያ፣ የስፌት መኪናና የመኪና ሞተር ዘይት ለየራሳቸው ሥራ ጥሩ ናቸው፤ ለሌንስ ግን መርዝ ናቸው። የታመመ ሌንስ ቢኖር የሚከፍተው ምልክት አድርጎ መፍታትን የሚያውቅ፣ ለሌንስ የተሠራውን ግራሶ የያዘ ባለሙያ ብቻ ነው። በዋስትና ላይ ያለ ሌንስ ደግሞ ለሻጩ ይመለሳል እንጂ በማንም አይከፈትም።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፤ አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ከሠርጉ፣ ከምረቃው ወይም ከክብረ በዓሉ አንድ ሳምንት ቀድሞ አዲሱን ሌንስ በእጁ ያለማመደ ሰው በሰዓቱ ከቀለበቱ ጋር አይታገልም። ባልደረባዬ ዛሬ በተውሶ ሌንስ ይሠራል። ሥራ ባለበት ዋዜማ ማታ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ እየተጫወተ ቀለበቱን በዝግታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዞራል፤ ሲነጋም በጋቢው ሸፍኖት ይወጣል። ባለፈው ፋሲካ እናቱን በዚያው በረንዳ፣ በዚያው ወንበር አስቀምጦ አነሣቸው። ምስሉን አሳይቶኛል፤ በዓይናቸው ዙሪያ ያለው መስመር ሁሉ አንድ በአንድ ይቈጠራል።